ኢኩዌሽኑ ባላንስ አልሆን ሲል መጀመሪያ ፎርሙላውን ጠርጥሪ

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኬሚስትሪ ሌላው ቦታ ይገባኛል፣ ኢኩዌሽን ባላንስ ማድረግ ላይ ግን ሁሌም እያዝ ነው። ሰሌዳ ላይ ሲሠራ ቀላል ይመስላል። ብቻዬን ስሞክር ኦክስጅንን ሳስተካክል ሃይድሮጅኑ ይበላሻል፣ እሱን ሳስተካክል ደግሞ ሌላው። አንዳንዴ ታች ያለችውን ትንሽ ቁጥር ስቀይራት ወዲያው እኩል ይሆንልኛል፣ ግን ኤክስ ይደረግብኛል። ለምን? ክፍልፋይ መጠቀምስ ይቻላል? የትኛውን ኤለመንት እንደማስቀድም የሚያሳይ ሕግ አለ?

መልስ፦

ጥያቄሽ ሦስት ነው፣ ለሦስቱም አጭር መልስ አለኝ። ታች ያለችው ትንሽ ቁጥር አትነካም። ክፍልፋይ ይቻላል፣ መጨረሻ ላይ ግን ወደ ሙሉ ቁጥር ይቀየራል። የቱን እንደምታስቀድሚ የሚያሳይ ሕግም አለ፣ አጭር ነው። ሦስቱንም ከነምክንያታቸው እነግርሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ያልጠየቅሽው አንድ ነገር አለ። እኔ እንደማየው ዋናው ችግር ያለው እሱ ጋ ነው።

ባላንስ ማድረግ አቃተን የሚሉ ተማሪዎች አብዛኞቹ መቁጠር አላቃታቸውም። አራትና አራት ስምንት መሆኑን ማንም ያውቃል። ችግሩ የሚጀምረው ከመቁጠሩ በፊት ነው፤ የተሳሳተ ፎርሙላ ይጽፉና እሱን ለማመጣጠን ይታገላሉ። የተሳሳተ ፎርሙላ ደግሞ ከሁለት አንዱን ያደርግሻል። ወይ ኢኩዌሽኑ በምንም ተዓምር አይመጣጠንም፣ ወይ ደግሞ ይመጣጠንና ውሸት ይሆናል። "አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል" ያልሽው የመጀመሪያውን በጣም ይመስላል።

አንድ ነገር ላስቀድም። እዚህ ፎርሙላዎቹን የምጽፋቸው ክፍል ውስጥ እንደምንጠራቸው ነው። ውሃ ኤች₂ኦ ነው። ምልክቱ ሁለት ፊደል የሆነውን ኤለመንት ገጥሜ እጽፈዋለሁ፤ ካልሲየም ሲኤ፣ ክሎሪን ሲኤል፣ አይረን ኤፍኢ፣ አልሙኒየም ኤኤል። ጭረቷ ኤለመንቶቹ እንዳይምታቱ መለያ ብቻ ናት። አንቺ ደብተርሽ ላይ በተለመደው ምልክታቸው ገልብጪያቸው።

አሁን ይህን እይ። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ሲዋሃድ ካልሲየም ክሎራይድና ውሃ ይሰጣል። አንድ ተማሪ እንዲህ ጻፈው እንበል፦

ሲኤ(ኦ-ኤች)₂ + ኤች-ሲኤል → ሲኤ-ሲኤል + ኤች₂ኦ

ካልሲየም በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ፤ ጥሩ። ክሎሪን አንድ ለአንድ፤ ጥሩ። ኦክስጅን በግራ ሁለት፣ በቀኝ አንድ ነው። ስለዚህ ውሃው ፊት 2 ያስቀምጣል። ሃይድሮጅን ሲቆጥር በግራ ሦስት፣ በቀኝ አራት ሆነበት። አሲዱ ፊት 2 ያደርጋል። ሃይድሮጅን አራት ለአራት ገጠመ፣ ክሎሪን ግን በግራ ሁለት፣ በቀኝ አንድ ሆነ። ሲኤ-ሲኤል ፊት 2 ያደርጋል። አሁን ካልሲየም በቀኝ ሁለት ሆነ። በግራም 2 ያደርጋል። ኦክስጅን በግራ አራት ሆነ፣ ውሃውን 4 ያደርጋል። ሃይድሮጅን በግራ ስድስት፣ በቀኝ ስምንት። ተመልሶ እዚያው!

ይህ ልጅ እስከ ነገ ቢሠራ አያልቅለትም። ስንፍና አይደለም፣ የመቁጠር ስህተትም አይደለም። ይህ ኢኩዌሽን መልስ የለውም። ሲኤ-ሲኤል በሚለው ፎርሙላ በዓለም ላይ የሚያመጣጥነው ሰው አይገኝም። ካልሲየም ቫለንሲው (ከሌላ ጋር ሲዋሃድ ስንት ቦንድ እንደሚፈጥር የሚነግርሽ ቁጥር) 2 ነው፣ ክሎሪን 1። ስለዚህ ካልሲየም ክሎራይድ ሲኤ-ሲኤል₂ ነው። ፎርሙላውን ስታርሚው፦

ሲኤ(ኦ-ኤች)₂ + 2ኤች-ሲኤል → ሲኤ-ሲኤል₂ + 2ኤች₂ኦ

በሁለት እርምጃ አለቀ። ክሎሪን በቀኝ ሁለት ስለሆነ አሲዱ ፊት 2። ሃይድሮጅን በግራ አራት ስለሆነ ውሃው ፊት 2። ኦክስጅንም ሁለት ለሁለት ገጠመ።

ስለዚህ ከሦስትና ከአራት ዙር በኋላ ቁጥሩ እየተሽከረከረ ካስቸገረሽ፣ ላጲስ ከማንሳትሽ በፊት ፎርሙላዎቹን አንድ በአንድ መርምሪ። ለዚህ ደግሞ ቫለንሲ በቃል መያዝ አለበት። ሽምደዳ አልወድም፣ ይህ ግን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ነው፤ ካልተያዘ ወደፊት መሄድ አይቻልም። ብዙም አይደለም። ሃይድሮክሳይድና ናይትሬት 1፣ አሞኒየም 1፣ ሰልፌትና ካርቦኔት 2፣ ፎስፌት 3። ከብረቶቹ ሶዲየምና ፖታሲየም 1፣ ካልሲየምና ማግኒዢየም 2፣ አልሙኒየም 3። አይረን 2ም 3ም ይሆናል፤ ስሙ አይረን ቱ ወይም አይረን ስሪ ብሎ ይነግርሻል። ከእነዚህ ጋር ብቻቸውን ሲሆኑ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጻፉትን ሰባቱን ያዢ፤ ሃይድሮጅን፣ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ፍሎሪን፣ ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲን። ኦክስጅን ጋዝን ኦ₂ ከማለት ይልቅ ኦ ብሎ መጻፍ ብዙ ነጥብ የሚያስቆርጥ ስህተት ነው።

አሁን ወደ ትንሿ ቁጥር። ታች ያለችው ሰብስክሪፕት ንጥረ ነገሩ ምን እንደሆነ ትናገራለች። ፊት ያለው ኮፊሸንት ስንት እንደሆነ ይናገራል። ሰብስክሪፕት ስትቀይሪ የምትቀይሪው መጠኑን አይደለም፣ ዕቃውን ራሱን ነው።

ኤች₂ + ኦ₂ → ኤች₂ኦ የሚለውን ውሰጂ። ኦክስጅን በግራ ሁለት፣ በቀኝ አንድ ነው። በቀኝ ያለውን ኤች₂ኦ₂ ብታደርጊው ወዲያው እኩል ይሆናል። ግን ኤች₂ኦ₂ ውሃ አይደለም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ አቅጥነው ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጡት፣ ፀጉር ቤት ፀጉር ለማንጣት የሚጠቀሙበት። ጥያቄው ስለ ውሃ ጠይቆሽ አንቺ ስለ ሌላ ነገር መለስሽ ማለት ነው። ለዚያ ነው ኤክስ የተደረገብሽ። ትክክለኛው 2ኤች₂ + ኦ₂ → 2ኤች₂ኦ ነው።

ይህ የፈተና ሕግ ብቻ እንዳይመስልሽ። ከሰል በደንብ አየር አግኝቶ ሲነድ ሲ + ኦ₂ → ሲ-ኦ₂ ይሆናል። አየር ሲያጥረው ደግሞ 2ሲ + ኦ₂ → 2ሲ-ኦ ይሆናል። ሁለቱ ፎርሙላዎች በአንዲት ትንሽ ቁጥር ነው የሚለያዩት። ሲ-ኦ₂ በየትንፋሻችን የምናስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሲ-ኦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በብርድ ጊዜ ከሰል ለኩሰው፣ በርና መስኮት ዘግተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ቤተሰቦች ወሬ በየዓመቱ እንሰማለን። የገደላቸው ይህ ነው። እና ስለዚህች ትንሽ ቁጥር ስናገር ከልቤ ነው። እግረ መንገዴን ቤት ውስጥም ንገሪያቸው፤ ከሰል የተለኮሰበት ክፍል ውስጥ በር ዘግቶ አይተኛም።

ቅድም የተሳሳተ ፎርሙላ ተመጣጥኖ ውሸት ሊሆን ይችላል ብዬሻለሁ። ለዚህ ከራሱ ከኬሚስትሪ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የለም። እንግሊዛዊው ኬሚስት ጆን ዳልተን የአቶም ሐሳቡን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1808 ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ሞለኪውል ውስጥ ስንት አቶም እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ቀላሉን ገመተ፤ ሁለት ኤለመንቶች አንድ ዓይነት ውሁድ ብቻ የሚሰጡ ከሆነ አንድ ለአንድ ነው አለ። ውሃን ኤች-ኦ ብሎ ጻፈው። ኤች + ኦ → ኤች-ኦ። ስትቆጥሪው ፍጹም የተመጣጠነ ነው! አንድም ኮፊሸንት አያስፈልገውም። ግን ስህተት ነው። በዚሁ ምክንያት የኦክስጅን ክብደት ከእውነተኛው ከግማሽ በታች ሆኖበት ቀረ።

ጌይ-ሉሳክ የተባለ ፈረንሳዊ በዚያው ሰሞን ጋዞችን በይዘት (በቮልዩም) ሲለካ ሁለት እጅ ሃይድሮጅን ከአንድ እጅ ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ሁለት እጅ የውሃ እንፋሎት እንደሚሰጥ አገኘ። ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ዛሬ የምንጽፋቸው ኮፊሸንቶች ናቸው። በ1811 ጣሊያናዊው አቮጋድሮ ነገሩን ፈታው፤ ጋዞቹ ጥንድ አቶም ያላቸው ሞለኪውሎች ናቸው አለ። የሚሰማው ሰው ግን አልነበረም። ካኒዛሮ የሚባል ጣሊያናዊ ይህንኑ ሐሳብ አንስቶ በ1860 ጀርመን ውስጥ ካርልስሩህ ከተማ ለተሰበሰቡት ኬሚስቶች እስኪያስረዳ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፎርሙላው እንደተምታታ ቆየ። ትልልቆቹ ሰዎች ሁሉ ማባዛትና መደመር ያውቁ ነበር። የጎደላቸው ትክክለኛው ፎርሙላ ነው። አንቺ ዛሬ ኦ₂ ብለሽ በሁለት ሴኮንድ የምትጽፊው ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ነው።

እንግዲህ ፎርሙላዎቹ ትክክል ናቸው እንበል። ከየት ትጀምሪያለሽ? ሕጉ ይኸው፦ በግራም በቀኝም በአንድ ንጥረ ነገር ውስጥ ብቻ ከሚገኘው ኤለመንት ጀምሪ፤ ብቻውን የቆመውን ኤለመንት ለመጨረሻ አቆዪ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በየጎኑ አንድ ቦታ ብቻ የሚገኝ ኤለመንት ምርጫ አይሰጥሽም፤ የሁለቱን ቁጥር ራሱ ይወስንልሻል። ሦስትና አራት ቦታ የተበተነውን ካስቀደምሽ ግን እየገመትሽ ነው። ብቻውን የቆመ ደግሞ፣ እንደ ኦ₂ ወይም እንደ ኤፍኢ ያለ፣ ኮፊሸንቱን ብትቀይሪው ሌላ ማንንም አይነካም። ስለዚህ የመጨረሻው ማስተካከያሽ እሱ ይሁን። "ኦክስጅንን ሳስተካክል ሃይድሮጅኑ ይበላሻል" ያልሽው ብዙ ጊዜ ኦክስጅንን ስለምታስቀድሚ ይመስለኛል።

ቡታጋዝን እንውሰድ። ሲሊንደር ውስጥ ያለው በዋናነት ፕሮፔንና ቡቴን ነው። ቡቴን ሲ₄ኤች₁₀ ነው።

ሲ₄ኤች₁₀ + ኦ₂ → ሲ-ኦ₂ + ኤች₂ኦ

ካርቦን በግራ ቡቴን ውስጥ ብቻ፣ በቀኝ ሲ-ኦ₂ ውስጥ ብቻ ነው። አራት ስለሆነ 4ሲ-ኦ₂። ሃይድሮጅንም እንዲሁ ነው፤ አሥር ስለሆነ 5ኤች₂ኦ። ኦክስጅን በቀኝ ሁለት ቦታ ተበትኗል፣ በግራ ደግሞ ብቻውን ቆሟል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ መጣ። በቀኝ ስንት ሆነ? ከ4ሲ-ኦ₂ ስምንት፣ ከ5ኤች₂ኦ አምስት፤ አሥራ ሦስት። በግራ ኦ₂ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ነው የሚመጣው። አሥራ ሦስት ለሁለት አይካፈልም።

ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ሲደርስ ሁሉንም ያጠፋና ከዜሮ ይጀምራል። አያስፈልግም። ክፍልፋዩን ጻፊው፦

ሲ₄ኤች₁₀ + 13/2 ኦ₂ → 4ሲ-ኦ₂ + 5ኤች₂ኦ

ይህ ስህተት አይደለም፣ ተመጣጥኗል። አሁን ሁሉንም በ2 አባዢው፦

2ሲ₄ኤች₁₀ + 13ኦ₂ → 8ሲ-ኦ₂ + 10ኤች₂ኦ

አለቀ። ጎዶሎ ቁጥር ሲመጣ ክፍልፋይ አስገብቶ በታቹ ቁጥር ሁሉንም ማባዛት ነው፤ ክፍልፋይን መፍራት አያስፈልግም። በፈተና ግን ትንሹ ሙሉ ቁጥር ነው የሚጠበቀው፣ በክፍልፋይ አትተዪው። ተቃራኒውንም አስታውሺ፤ ሁሉም ኮፊሸንቶች ለአንድ ቁጥር ከተካፈሉ አካፍያቸው። 4፣ 2፣ 4 ካገኘሽ መልሱ 2፣ 1፣ 2 ነው።

መልስሽን በክብደትም መፈተሽ ትችያለሽ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮይዘር እ.ኤ.አ. በ1789 በመጽሐፉ ያሰፈረው ሕግ ነው፤ ከሪአክሽን በፊት የነበረው ክብደት ከሪአክሽን በኋላም ያው ነው። የአቶም ክብደታቸውን ካርቦን 12፣ ሃይድሮጅን 1፣ ኦክስጅን 16 ብለሽ ያዢ። የአንድ ቡቴን ክብደት 4 ጊዜ 12 ሲደመር 10፣ 58 ነው። ሁለቱ 116። አሥራ ሦስት ኦ₂ 13 ጊዜ 32፣ 416 ነው። በግራ ድምሩ 532። በቀኝ 8 ጊዜ 44፣ 352፤ 10 ጊዜ 18፣ 180። ድምሩ 532። ገጠመ። ከዚህ ቁጥር ደግሞ ሌላ ነገር ታገኚያለሽ። 116 ኪሎ ቡቴን 416 ኪሎ ኦክስጅን ከፈለገ፣ 12 ኪሎ ቡቴን 43 ኪሎ ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚመጣው ከኩሽናው አየር ነው። ማዕድ ቤት መስኮት ለምን እንደሚከፈት ኢኩዌሽኑ ራሱ ነገረሽ።

ስለ ኤልሲኤም (የሁለት ቁጥሮች ትንሹ የጋራ ብዜት) ዘዴ ትምህርት ቤት ተምረሽ ይሆናል። እንደ ኤኤል + ኦ₂ → ኤኤል₂ኦ₃ ላለው አጭር ኢኩዌሽን ምርጥ ነው። ኦክስጅን በአንዱ በኩል 2፣ በሌላው 3፤ ኤልሲኤሙ 6 ነው። ስለዚህ 3ኦ₂ እና 2ኤኤል₂ኦ₃፣ ከዚያ 4ኤኤል። ረዘም ሲል ግን ከላይ ያልኩሽ ሕግ ይቀላል። እኔ ብሆን ለረጅሙ ኤልሲኤም አልጠቀምም።

ግሩፕ (እንደ ሰልፌት አንድ ላይ ተያይዘው የሚጓዙ አቶሞች) ያለበት ኢኩዌሽን ከሩቅ ያስፈራል፣ ስትቀርቢው ቀላል ነው። የከተማ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች የደፈረሰ ውሃ ለማጥራት አልሙኒየም ሰልፌት ይጠቀማሉ። ከኖራ ውሃ ጋር ሲገናኝ፦

ኤኤል₂(ኤስ-ኦ₄)₃ + ሲኤ(ኦ-ኤች)₂ → ኤኤል(ኦ-ኤች)₃ + ሲኤ-ኤስ-ኦ₄

እዚህ ላይ ኦክስጅንን ነጥለሽ መቁጠር ከጀመርሽ በአራቱም ቦታ ታገኚዋለሽ፣ ትሰክሪያለሽ። ሰልፌቱ ግን በግራም በቀኝም ሳይፈርስ ነው ያለው። ሃይድሮክሳይዱም እንዲሁ። ስለዚህ ግሩፑን እንደ አንድ ነገር ቁጠሪው። አልሙኒየም ሁለት፤ 2ኤኤል(ኦ-ኤች)₃። ሰልፌት ሦስት፤ 3ሲኤ-ኤስ-ኦ₄። ካልሲየም ሦስት ስለሆነ 3ሲኤ(ኦ-ኤች)₂። ሃይድሮክሳይድ በግራ ስድስት፣ በቀኝ ስድስት። ኦክስጅን የሚለውን ቃል እንኳ ሳናነሳ ጨረስን። (ያ ኤኤል(ኦ-ኤች)₃ እንደ ዝልግልግ ነገር ሆኖ ይወጣና ጭቃውን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ውሃው የሚጠራው በዚህ ነው።) ይህ የሚሠራው ግን ግሩፑ ካልፈረሰ ብቻ ነው። ኖራ ድንጋይ ላይ አሲድ ሲፈስ ካርቦኔቱ ፈርሶ ሲ-ኦ₂ና ውሃ ይሆናል። ያኔ አቶሞቹን ነጥለሽ ትቆጥሪያለሽ።

ከጠጅ አንድ ምሳሌ ልጨምር፣ ምክንያቱም አንድ የተለመደ ስህተት እሱ ላይ በደንብ ይታያል። ማር ውስጥ ያለው ስኳር በብዛት ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው፤ የሁለቱም ፎርሙላ ሲ₆ኤች₁₂ኦ₆ ነው። እርሾ ይህን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይረዋል፦

ሲ₆ኤች₁₂ኦ₆ → ሲ₂ኤች₅ኦ-ኤች + ሲ-ኦ₂

ካርቦን በቀኝ ሁለት ቦታ አለ፣ ኦክስጅንም ሁለት ቦታ። ሃይድሮጅን ግን አልኮሉ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በሃይድሮጅን እንጀምራለን። አልኮሉ ውስጥ ስንት ሃይድሮጅን አለ? አምስት ያለ ተሳሳተ። መጨረሻ ላይ አንድ ሌላ ኤች አለ፤ ስድስት ነው። አሥራ ሁለት ለማድረስ 2 አልኮል። ይህ አራት ካርቦን ወሰደ፣ ሁለት ቀረ፤ 2ሲ-ኦ₂። ኦክስጅን ሁለት ሲደመር አራት፣ ስድስት። ገጠመ። ጠጁ ሲፈላ የሚንተከተከው ያ ሲ-ኦ₂ ነው፤ በክብደት ከ180 ግራም ስኳር 88 ግራሙ እንደ ጋዝ ይሄዳል፣ 92 ግራሙ አልኮል ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ሆኖ በዓይን የማይፈታ ይመጣል። ያኔ አልጀብራ አለልሽ። ዘገምተኛ ነው፣ ግን አያሳፍርሽም። ፐርማንጋኔትና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንይ። ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው፣ የሚወጣው ክሎሪን መርዛማ ጋዝ ነው። ኬ ፖታሲየም፣ ኤምኤን ማንጋኒዝ ነው። በእያንዳንዱ ፊት ፊደል እናስቀምጥ፦

ሀ ኬ-ኤምኤን-ኦ₄ + ለ ኤች-ሲኤል → ሐ ኬ-ሲኤል + መ ኤምኤን-ሲኤል₂ + ሠ ኤች₂ኦ + ረ ሲኤል₂

ፖታሲየም፦ ሀ = ሐ። ማንጋኒዝ፦ ሀ = መ። ኦክስጅን፦ 4ሀ = ሠ። ሃይድሮጅን፦ ለ = 2ሠ፣ ማለትም ለ = 8ሀ። ክሎሪን፦ ለ = ሐ + 2መ + 2ረ። ሁሉንም በሀ ተኪው፤ 8ሀ = ሀ + 2ሀ + 2ረ። ስለዚህ 2ረ = 5ሀ። ሀን 1 ብንለው ረ ሁለት ተኩል ይሆናል። ሀን 2 እንበለው፤ ረ 5 ሆነ። የቀሩት ይከተላሉ፦

2ኬ-ኤምኤን-ኦ₄ + 16ኤች-ሲኤል → 2ኬ-ሲኤል + 2ኤምኤን-ሲኤል₂ + 8ኤች₂ኦ + 5ሲኤል₂

ይህን በግምት መድረስ ከባድ ነው። ምክንያቱም ክሎሪን እዚህ ሁለት ሥራ ይዟል። ከአሥራ ስድስቱ አሥሩ ጋዝ ሆነው ይወጣሉ፣ ስድስቱ ደግሞ ሳይቀየሩ ከፖታሲየምና ከማንጋኒዝ ጋር ይቀራሉ። ወደፊት የኦክሲዴሽን ነምበር ዘዴን ስትማሪ ይህን ክፍፍል በቀጥታ ታዪዋለሽ። እስከዚያ አልጀብራው ይበቃሻል።

ስለ ደብተር አያያዝ አንድ ነገር ብቻ። ኢኩዌሽኑን ከጻፍሽ በኋላ ከሥሩ ኤለመንቶቹን ደርድሪና የግራና የቀኝ ቁጥራቸውን ጻፊ። አንድ ኮፊሸንት በጨመርሽ ቁጥር የተነካውን ሁሉ አሻሽዪ። ኮፊሸንቱ ከኋላው ያለውን ፎርሙላ በሙሉ ነው የሚያባዛው፤ 3ሲኤ(ኦ-ኤች)₂ ሦስት ካልሲየም፣ ስድስት ኦክስጅን፣ ስድስት ሃይድሮጅን ነው። ስትጨርሺ ሠንጠረዡን ሳታዪ ከኢኩዌሽኑ ላይ እንደ አዲስ ቁጠሪ። ፈተና ላይ ምርጫ ከተሰጠሽ ደግሞ ከዜሮ ከመሥራትሽ በፊት አንዱን ኤለመንት ይዘሽ ምርጫዎቹን አጣሪ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ወዲያው ይወድቃሉ።

አሁን ሦስት ልስጥሽ። ሁሉም ፎርሙላዎች ትክክል ናቸው፣ ስለዚህ ሥራሽ ማመጣጠን ብቻ ነው።

ኤፍኢ₂ኦ₃ + ሲ-ኦ → ኤፍኢ + ሲ-ኦ₂

ኤን-ኤች₃ + ኦ₂ → ኤን-ኦ + ኤች₂ኦ

ሲኤ(ኦ-ኤች)₂ + ኤች₃ፒ-ኦ₄ → ሲኤ₃(ፒ-ኦ₄)₂ + ኤች₂ኦ

የመጀመሪያው የብረት ማቅለጫ ምድጃ ውስጥ የሚሆነው ነው። እዚያ ኦክስጅን ሦስት ቦታ ስላለ ያደናግርሻል። እያንዳንዱ ሲ-ኦ ወደ ሲ-ኦ₂ ለመቀየር ስንት ኦክስጅን እንደሚወስድ አስቢ፣ ከዚያ ኤፍኢ₂ኦ₃ ስንት እንደሚሰጥ እይ። በሦስተኛው ፎስፌቱን አታፍርሺው፤ የአሲዱን ሦስት ሃይድሮጅን ግን ቁጠሪ።

መልሱን አልጽፍልሽም፣ ማጣሪያ ግን እሰጥሻለሁ። ኮፊሸንቶቹን ስትደምሪ የመጀመሪያው 9፣ ሁለተኛው 19፣ ሦስተኛው 12 ይመጣል። ምንም ያልተጻፈበት ፎርሙላ 1 ተብሎ እንደሚቆጠር አትርሺ። ሁለተኛው ላይ 9 ተኩል ካገኘሽ ሥራሽ ትክክል ነው፣ ክፍልፋዩን ብቻ አላጠፋሽም። ከዚህ ውጭ ሌላ ቁጥር ከመጣ እርምጃዎችሽን ሳትደልዢ እንዳሉ ላኪልኝ፤ የት ላይ እንደሳትሽ አብረን እናያለን።